ሲስተር አስካለና የእሑዱ በርሜል

ባለፈው ማክሰኞ ጉርድ ሾላ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ፣ ድሮ አብራኝ የሠራች አንዲት ሴት ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። ልጆች እንዴት ናቸው፣ የልጅ ልጆች እንዴት ናቸው ተባብለን ስናበቃ፣ «የሲስተር አስካለን ነገር ሰማሽ አይደል?» አለችኝ።

«ምን ሆኑ?»

«እንዴ! አርባቸው እኮ ወጣ። እዚያው ድሬዳዋ ነው የተቀበሩት።»

ደሜ ፈላ። አርባ ቀን ሙሉ ስልክ አንስቶ የሚነግረኝ አንድ ሰው ይጥፋ? ምንም ያላጠፋችውን ሴት እዚያው ሰልፉ ላይ ተቆጣኋት። ታክሲው መጣ፤ ተገፋፍተን ገባን። መገናኛ እስክንደርስ ራሴን ይዤ ነበር። ስወርድ ግን እንባዬ ዝም ብሎ ይፈስ ጀመር። አጠገቤ የነበረ ሰውዬ፣ «እትዬ፣ እግርዎን ረገጡዎት እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ ረገጡኝ ብዬው መንገዴን ቀጠልኩ። ምን ልበለው? በአንድ በርሜል ውሃ አንድ ቀበሌ ሙሉ ያንቀጠቀጡ ሴት ሞቱብኝ ልበለው?

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከቀበና ወንዝ ከፍ ብላ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። የካርድ ክፍል ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ መስኮት፣ አንድ የእንጨት ሣጥንና እኔ ነን። ሲስተር አስካለ የእናቶች ክፍል ነርስ ነበሩ። ወደ ሃምሳ የተጠጉ፣ አጠር ደልደል ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት። ቤታቸው እንጦጦ ላይ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ለውሻ የሚሆን ዱላቸውን ይዘው ባሕር ዛፉን አቋርጠው በእግራቸው ይወርዳሉ። ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ዱላውን ከበሩ ጀርባ ሲያስደግፉት ከሰማን፣ ሁላችንም ወሬያችንን ትተን ወደ ሥራችን ነው።

ሹክሹክታ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። እኔ ደግሞ ያኔ ዓይነ አፋር ብጤ ነኝ። አንዲት ሴት መስኮቴ ጋ መጥታ ምንሽን ነው የሚያምሽ ስላት ግራና ቀኝ ትገላመጣለች፤ ከዚያ «ሆዴን» ትለኛለች። ሌላዋ «ወገቤን»፣ ሌላዋ «ብርድ ነው» ትለኛለች። እኔም ገብቶኝ እንዳልገባኝ «ሆድ» ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ሲስተር አስካለ የካርዱን ክምር ይዘው መጡና፣

«ብርቄ! የዚህ አገር ሴት ሁሉ ሆዱን ነው እንዴ የሚያመው?» አሉ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ። «ሽንት ነው የሚያቃጥላቸው። ሽንት ብለሽ ጻፊ። ብዕሩ ሽንት ብሎ በመጻፉ አይረክስም!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሲስተር ግን ምን ገዷቸው። ለሴቶቹም እንደዚያው ነበሩ። አንዷ ገብታ ስትቀመጥ ከሁሉ በፊት ጣታቸውን አንስተው «ስንቴ?» ይላሉ። ዛሬ ስንቴ ሽንት ቤት ሄድሽ ማለታቸው ነው። አንዴ ያለቻቸው እንደሆነ መነጽራቸውን አውልቀው ያዩዋታል፤ ከዚያ ተግሣጹ ይወርዳል። ውሃ ጠጪ፣ ሲመጣ አትያዢው፣ ስትታጠቢ ከፊት ወደ ኋላ ነው። ይህን ለአሮጊቷም ለሙሽራዋም አንድ ዓይነት አድርገው ነው የሚናገሩት። በዚያን ጊዜ ሽንት አቃጠለኝ ያለች ሴት ባሏ ሌላ ነገር ይጠረጥራታል፤ ጎረቤት ያሽሟጥጣታል። ሲስተር አስካለ ባልየውን ጭምር አስጠርተው፣ «ይህ ከሰው የመጣ አይደለም፤ ሚስትህ ሽንቷን ስለምትይዝ ነው» ብለው ይልኩታል። ስንት ትዳር እንዳተረፉ እኔና ሣጥኔ ነን የምናውቀው።

አሁን ወደ ነፊሳ ልምጣ። ነፊሳ ከወንዙ ማዶ፣ እኔ በምኖርበት ቀበሌ ትኖር ነበር። ባሏ ሰይድ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ወር ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ያው ሽንት ማቃጠል ጀምሯት፣ አፍራ ዝም ብላ፣ ወደ ኩላሊቷ ወጥቶ ትኩሳት ሲያንቀጠቅጣት አምስት ወር የሞላው ጽንሷ ወረደ። አሁን እንደገና አርግዛለች። አራተኛ ወሯ ላይ ያው ሕመም ተመለሰባት። መድኃኒት ተሰጣት፤ ዳነች። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ተመለሰ። ያን ቀን መስኮቴን ይዛ «ብርቄ፣ ይሄኛውም ሊሄድብኝ ነው» ስትለኝ አንጀቴን በላችው። ሲስተር ሰምተው ከውስጥ ወጡ። «ይሄኛው የትም አይሄድም» አሏት። ነርስ እንዲህ ተብሎ ቃል አይገባም፤ እሳቸውም ያውቁታል። ግን አሉ።

አንድ ቀይ ጭማቂ የመጣልን በዚህ መሀል ነው። ሲስተር አስካለ ቀደም ሲል ለዘጠኝ ወር ሥልጠና ሶቪየት ኅብረት ሄደው ነበር። እዚያ በበረዶው ወራት ውሃ መጠጣት ትተው ያው ሕመም ያዛቸው፤ መኝታ ቤቱን የምታጸዳ አሮጊት ክሉክቫ የሚሉትን ረግረግ ላይ የሚበቅል ቀይ ኮምጣጣ ፍሬ ጨምቃ ታጠጣቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዲት ሩሲያዊት ሐኪም ወዳጅ ነበረቻቸው፤ ጋሊና ትባላለች። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ትሠራለች፤ ለዕረፍት አገሯ ደርሳ ስትመጣ ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ሙሉ የዚህን ፍሬ ጭማቂ አመጣችላቸው። ቀለሙ የጉድ ነው፤ መስኮቱ ላይ ሲያስቀምጡት ክፍሉ በሙሉ የቀላ ይመስላል።

ሲስተር ጠርሙሱን ከፍተው መጀመሪያ የተናገሩት ነገር አይረሳኝም። «ስሙኝ፤ ይህ መድኃኒት አይደለም። ያመማት ክኒኗን ትወስዳለች። ይህ ሕመሙ ደጋግሞ እንዳይመለስ ምናልባት ያግዝ ይሆናል። ምናልባት! የሚሠራው ውሃው ነው።» ማን ይስማቸው? የውጭ አገር ነው፣ ቀይ ነው፣ ደግሞ አፍ ያጨማድዳል። ከዚህ በላይ መድኃኒት አለ?

ለነፊሳና ለሌሎች አራት ሕመሙ ለሚመላለስባቸው ሴቶች ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ብርጭቆ ይሰጧቸው ጀመር። በሦስተኛው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ ጨርሰን ስንወጣ፣ ነፊሳ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ናት። ከንፈሯ ደርቋል።

«ምነው ነፊሳ፣ አመመሽ እንዴ?» አሏት ሲስተር።

«ኧረ ደህና ነኝ። ቤቴ ከወንዙ ማዶ ስለሆነ ነው።»

«ታዲያ ድልድዩ ተሰበረ?»

ነፊሳ ነገሩ እንዴት እንደማይገባቸው ግራ ገብቷት አየቻቸው። «መድኃኒት ጠጥቼ ወንዝ ልሻገር? ይረክሳል እኮ! ውሃም በላዩ አልጠጣሁም፤ እንዳይቀጥንብኝ።»

ለካ አምስቱም ሴቶች እንደዚያው ነበሩ። ያገር ቤት መድኃኒት ወንዝ ካሻገሩት ኃይሉ እንደሚጠፋ ማን የማያውቅ አለ? እኔ ራሴ አውቃለሁ፤ አልነገርኳቸውም እንጂ። ሦስት ቀን ሙሉ ሴቶቹ አንድ ብርጭቆ ጭማቂ ጠጥተው በላዩ ጠብታ ውሃ ሳይቀምሱ ይውላሉ! ሲስተር እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነፊሳን ሁለት ጣሳ ውሃ አጠጧት፤ ከዚያ እጇን ይዘው እስከ ድልድዩ ሸኟት። መሀል ላይ ሲደርሱ ቆሙና፣ «ይኸው፣ እኔም ቅድም አንድ ብርጭቆ ጠጥቻለሁ፤ ከረከሰ አብረን እንርከስ» ብለው አሻገሯት። እኔ ከኋላቸው በሳቅ ልሞት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹ አራቱ ተሻላቸው። ነፊሳ ግን በሁለት ሳምንቷ ተመለሰች። ይህ ሦስተኛዋ ነው። አምስተኛ ወሯን ይዛለች፤ ባለፈው ዓመት የወረደባት ወር ማለት ነው። ሲስተር መድኃኒቷን ሰጥተው ሸኟትና ካርድ ክፍል ገብተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

«ውሃ ትጠጣለች። ጭማቂውን ትጠጣለች። ታዲያ ምን ጎደለ ብርቄ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ሲስተር፤ እኔ የማውቀው ሰኞና ማክሰኞ የሚያንገሸግሹኝ መሆኑን ነው» አልኩ፣ እንዲያው ነገሩን ለማቅለል። «የኛ ቀበሌ ሴት ሁሉ ሰኞና ማክሰኞ ነው የሚግተለተለው።»

ቀና አሉ። «ሰኞና ማክሰኞ ብቻ?»

ከዚያ ሣጥኑን ገለበጡት። በስንት መከራ የደረደርኩትን ካርድ! «ሽንት» የተባለበትን እያወጣን በየቀናቸው ለይተን ጠረጴዛው ላይ ከመርን። እውነትም የኛ ቀበሌ ሴቶች ሰኞና ማክሰኞ ናቸው። ከወዲህ ያለው ቀበሌ ሴቶች ደግሞ ዓርብና ቅዳሜ። ሲስተር ጣታቸውን በሁለቱ ክምር ላይ ተራ በተራ አሳረፉ።

«እናንተ እሑድ ምን ትሠራላችሁ?»

«እሑድማ ስብሰባ ነው።»

«እነዚህስ?»

«እነሱ ስብሰባቸው ሐሙስ ነው» አልኩ፤ ያኔ ለራሴም ብልጭ አለልኝ።

የቀበሌያችን አዳራሽ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የዱቄት መጋዘን ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገብተን ስምንት ሰዓት እንወጣለን፤ በሩ ላይ የአብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ ይዘው ይቆማሉ። ስም ይጠራል፤ የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና አያገኝም፤ ከዚያም አልፎ በክፉ ዓይን ይታያል። ወንዶቹ ሲጋራ ብለው ወጣ ይሉና አጥሩ ሥር ጉዳያቸውን ጨርሰው ይመለሳሉ። ሴቷስ? ከኋላ የነበረው ሽንት ቤት ለአብዮቱ በዓል የተሠሩ የመፈክር ሰሌዳዎችና የቀለም ቆርቆሮዎች ሞልተውበት ተቆልፏል። ስለዚህ እኛ ሴቶች እሑድ ጠዋት ውሃ የሚባል አንቀምስም፤ ስድስት ሰዓት ሙሉ እንይዛለን። ሲያመን የሲሚንቶው ብርድ ነው እንላለን። ካርቶንና አጎዛ ይዘን ሄደን እንቀመጥበታለን። እኔ ራሴ አጎዛ ነበረኝ።

«ምነው አልነገራችሁኝም?» አሉ ሲስተር። የሳቸው ሰፈር የገበሬዎች ስለሆነ ስብሰባው ባሕር ዛፍ ሥር ነው፤ የቸገረው ጫካ ይገባል። እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል ብለው አላሰቡም።

በማግስቱ የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ጓድ በየነን ሄደው አነጋገሩት። ሽንት ቤቱ ይከፈት፣ መሀል ላይ ዕረፍት ይሰጥ አሉት። በየነ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከበላይ ይፈራል። «ሴቶቻችን ተደራጅተዋል፤ መብታቸውን ያውቃሉ። አንዷም አልጠየቀችኝም» አላቸው። እውነቱን ነው፤ ማን ትጠይቀዋለች? በዚያ ዘመን በስብሰባ መሀል እጅ አውጥቶ ሽንት ቤት ክፈቱልን ማለት ምን ተብሎ እንደሚተረጎም ማን ያውቃል።

ሲስተር ተመልሰው መጥተው ሁለተኛውን ጠርሙስ ሲያዩ ቆዩ። ዓርብ ዕለት እንደገና ወደ በየነ ሄዱ። አሁን ግን አነጋገራቸው ሌላ ነበር። «ጓድ ሊቀመንበር፣ የሶቪየት ሐኪም ጓዳችን ለሰፊው ሕዝብ ጤና የሰጠችን ጭማቂ አለ። እሑድ ለተሰብሳቢው ባድልና አጭር የጤና ትምህርት ብሰጥስ?» በየነ ደስ ብሎት ፈቀደ። እንዴት እምቢ ይላል? ቀይ ነው፣ የሶቪየት ነው።

ቅዳሜ ያሰቡትን ሲነግሩኝ ግን ተናደድኩ። «ሲስተር፣ ያ የነፊሳ ነው እኮ! የቀረው እሱ ብቻ ነው!»

«ለነፊሳ ነው የማፈሰው» አሉኝ።

እሑድ በጠዋት አዳራሹ በር ላይ በርሜል አስቀመጡ። በርሜሉ እስከ ወገቡ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ነበረበት። ጠርሙሱን ገለበጡበት፤ የወሩን ስኳራቸውንም በሙሉ ጨመሩበት። ውሃው ቀላ አለ። እኔ ጣሳ ይዤ እቀዳለሁ፤ እሳቸው ነጭ ቆባቸውን አጥልቀው ቆመው እያንዳንዷን ሴት «ሁለት! ሁለት!» ይላሉ። አንዷ ወንዝ መሻገሬ ነው ስትል «ተሻግሮ የመጣ ነው፣ ባሕር ተሻግሮ!» አሏት። እሑድ ጠዋት ውሃ አለመቅመስ የለመደው ሴት ሁሉ፣ የሶቪየት ጭማቂ ሲባል እየተጋፋ ጠጣ። ጥበቃዎቹ ጠጡ። በየነ ሦስት ጣሳ ጠጣና «ይህ ነው ወዳጅነት!» ብሎ ለሕዝቡ አሳየ። ሚስቱ ወይዘሮ አልማዝም ሁለት ጠጣች። ነፊሳ ስትደርስ ሲስተር ምንም አላሏትም፤ ጣሳዋን ብቻ ራሳቸው ሞሉላት።

ስብሰባው ተጀመረ። ከተጀመረ አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ካድሬው ስለ ምርት ዘመቻ እያወራ ነው። አግዳሚ ወንበሮቹ ሲንቋቁቁ ይሰማኛል። ሰማንያ የምንሆን ሴቶች እግራችንን አቆላልፈን አንዷ የሌላዋን ዓይን ትሸሻለች። ወንዶቹ በየተራ ሲጋራ ሲጋራ ሲሉ ግማሹ ወጣ። በየነ ራሱ ሁለቴ ወጥቶ ገባ። ነፊሳ ሆዷን ይዛ አጎንብሳለች። እኔማ ሞቻለሁ፤ ቀምሼ ቀምሼ አራት ጣሳ ነበር የጠጣሁት።

ያኔ ሲስተር አስካለ ከፊት ወንበር ላይ እጃቸውን አወጡ።

«ሥነ ሥርዓት!»

ካድሬው ቆመ። በስብሰባ ሥነ ሥርዓት ካሉ ማንም ይሁን ማን ይቆማል፤ ደንቡ ነው። «እሺ፣ ጓዲት» አለ በየነ፣ «ምንድን ነው የሥነ ሥርዓቱ ጥያቄ?»

ተነሡ። በዚያ ሹክሹክታ በማያውቀው ድምፃቸው፣

«ሽንት» አሉ።

ከዚያ አንዲት አሮጊት ከኋላ «ኧረ እግዜር ይስጥሽ!» ብላ ተነሣች። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመን? ሰማንያ ሴት በአንድ ጊዜ ተነሣን። ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን እንደያዙ ወደ ጎን ሸሹልን፤ ምን ያድርጉ? የሽንት ቤቱን ቁልፍ አንዱ አምጥቶ ከፈተ። ሰሌዳውን፣ ቆርቆሮውን፣ የቀለም ብሩሹን እየተቀባበልን ከአጥሩ ሥር ከመርነው። ነፊሳን ከኋላ ወደ ፊት አሳልፈን መጀመሪያ አስገባናት። ስብሰባው በዚያው ተበተነ። የዚያን ቀን በሰፈሩ የሳቅ ድምፅ የተሰማውን ያህል በዚያ ዘመን ሰምቼ አላውቅም።

ሳቁ እስከ ማክሰኞ ነው የቆየው። ማክሰኞ ሲስተርና እኔ ቀበሌ ተጠራን። በየነ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ከቀበሌው በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ ከከፍተኛው፣ የመጣ የማናውቀው ሰው አለ። ሰውየው አሻጥር የሚለውን ቃል አወጣ፤ ያኔ በዚህ ቃል ሰው ይታሰራል። በሶቪየት ጓዶች ስም የተደራጀ ረብሻ፣ አለ። በየነ ግን መውጫ ፈለገላቸው። «ፍሬው በመንገድ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ አላወቁም። እንደዚያ ብለን እንጻፈውና ይዘጋ» አለ። አሁን ሳስበው ቸርነት ነበር።

ሲስተር አስካለ መነጽራቸውን አወለቁ። «አልተበላሸም። ሆን ብዬ ነው ያጠጣኋቸው። ፍሬው ነው ካልኳችሁ ነገ ሽንት ቤቱን መልሳችሁ ትቆልፉታላችሁ። አንዲት ሴት ባለፈው ዓመት ልጅ ወርዶባታል፤ ዘንድሮም ሊወርድባት ነው። ያን ጻፉልኝ።»

በየነ ተናደደ። «አንዲት ሴት ታመመች ተብሎ ነው? የኔ ሚስት አንድም ስብሰባ ቀርታ አታውቅም፤ አንድ ቀን አመመኝ ብላ አታውቅም!»

እኔ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ወይዘሮ አልማዝ በዚያ ዓመት ለዚሁ ሕመም አራት ጊዜ መጥታለች። በጓሮ በር እየገባች፤ ባሏ እንዳይሰማባት እያለቀሰች። ካርዷን ለብቻው ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትበቃው፤ በየነ ያን ቢሰማ ነገሩ ሁሉ እዚያው ይገለበጥ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ሲስተር አስካለ ዞር ሳይሉ በጫማቸው እግሬን ረገጡኝ፤ አጥብቀው። ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ።

በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ፤ በድሬዳዋ በኩል ወዳለው የምሥራቅ ጠረፍ ተዛውረዋል። እስር ቤት ከመግባት ይህ ይሻላል ተባለ። ቅዳሜ ዕለት ዱላቸውንና አንዲት ሻንጣ ይዘው ሄዱ። «የነፊሳን ካርድ ከሣጥኑ ፊት አድርጊው» አሉኝ፤ ሌላ ነገር አላሉኝም። ከአውቶቡስ ተራ ስመለስ ግን ቤቴ አልሄድኩም። በቀጥታ ወይዘሮ አልማዝ ዘንድ ሄድኩና በር ላይ እንደቆመች ሁሉንም ነገርኳት፤ ባሏ ምን እንዳለ፣ ሲስተር ምን ሳይሉ እንደቀሩ። በሩን ዘጋችብኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረኝ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ፈራሁ።

በማግስቱ እሑድ ነው። በሩ ላይ በርሜል የለም። ሽንት ቤቱ እንደገና ተቆልፏል። ስም ተጠራ፤ ካድሬው ጀመረ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት አለፈ። ነፊሳ ከአጠገቤ ተቀምጣ ከንፈሯን ነክሳለች። እጇን ይዣለሁ። ልናገር ብዬ ሌላውን እጄን እስከ ትከሻዬ አነሣና መልሼ አወርደዋለሁ። እንደ ሲስተር አስካለ አይደለሁማ።

ከፊት ወንበር ወይዘሮ አልማዝ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። ባሏ እያያት ነው። «ሥነ ሥርዓት የለኝም» አለች፣ «ቁልፉን ስጠኝ፤ እኔም አሞኛል። ዓመት ሙሉ ነው ያመመኝ።» በየነ ፊቱ ደም መሰለ። ከዚያ ኪሱ ገብቶ ቁልፉን ሰጣት። አልማዝ ወደ ኋላ መጥታ ነፊሳን «ነይ እህቴ» ብላ ክንዷን ይዛ አወጣቻት። ከዚያን ቀን ወዲህ አራት ሰዓት ላይ ዕረፍት ሆነ፤ ያን በር የቆለፈ የለም።

ነፊሳ በወሯ ወለደች። እዚያችው ጤና ጣቢያ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሴት ልጅ። እኔ ለሲስተር አስካለ አራት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። እንዴት እንደወለደች፣ ሰይድ እንዴት እንዳለቀሰ፣ ሴቶቹ ሁሉ እንዴት እንደሚያነሷቸው፣ እኔም እንዴት እንደናፈቁኝ። እንባዬ ቀለሙን አበላሽቶት ሁለቴ ነው የገለበጥኩት። መልሱ ከሁለት ወር በኋላ መጣ። ፖስታውን እዚያው መስኮቴ ጋ ቆሜ ቀደድኩት። ወረቀቱ ላይ አንዲት መስመር ብቻ ነበረች።

«ክብደቷን አልጻፍሽልኝም።»

ሣጥኑን ከፍቼ ካርዱን አወጣሁ። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ብዬ ጽፌ፣ ሌላ ምንም ሳልጨምር፣ በዚያው ቀን ላክሁላቸው።